እንደ ፊሽካ ንጹህ

ተመረጥኩ! ዓርብ ጠዋት በሰልፍ ላይ፣ ወላጆች በተጋበዙበት የሚነበበው የእኔ ጽሑፍ መሆኑን የእንግሊዝኛ መምህራችን ሲናገሩ፣ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ፊቴን በደብተሬ ሸፍኜ ሳቅሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ አባባል ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ክሊን አዝ ኤ ዊስል» ብለው ጻፉና፣ «እንደ ፊሽካ ንጹህ» እንደማለት ነው፣ ጽድት ላለ፣ እንከን ለሌለው ነገር ይባላል አሉን። ጓደኛዬ ከኋላ «ቲቸር፣ ፊሽካ እኮ ምራቅ በምራቅ ነው!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ያኔ ከሜዳው የስፖርት መምህሩ ፊሽካ ጮኸችና የልጅነቴን እሁዶች ይዛብኝ መጣች።

አባዬ በሥራ ቀን ሶዶ ገበያ አጠገብ ልብስ ይሰፋ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ኳስ ይዳኝ ነበር። በበጋ ሜዳው ሲደርቅ ገሱባና ተበላ ወደሚባሉት ከተሞች በየተራ እየተጠራ ይሄድ ነበር፤ ክረምት ገብቶ ሜዳው ሲጨቀይ ግን ፊሽካዋ ከስፌት መኪናው በላይ ምስማር ላይ ተሰቅላ ትከርም ነበር። በጨዋታ ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ ለብ ባለ ውሃ ያጥባትና፣ ውስጧን በዶሮ ላባ ጠርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ብርሃን እያያት፣ «ትንሽ ነገር ከገባባት ድምፅዋ ይታፈናል፣ እንዳትነኪያት» ይለኝ ነበር።

ነካኋት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ጊዜው የስኳር ድንች ነው፤ አባዬ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ፊሽካዋን አውርጄ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች በአፌ ሞልቼ እየነፋሁ የሰፈር ልጆችን ስዳኝ አረፈድኩ። ከዚያም ውጯን በቀሚሴ ጠረግ አድርጌ ሰቀልኳት።

ከሰዓት ወደ ተበላ አብሬው ሄድኩ። መጀመሪያ ላይ ደህና ትጮህ ነበር። ከእረፍት በኋላ አንዱ አጥቂ ኳስ በእጁ ነካ፤ አባዬ ጉንጩ እስኪወጠር ነፋ፤ «ፍስስ» ብቻ! ልጁ ሮጦ አገባ። አባዬ ጎሉን ሲሰርዝ ሜዳው ተናወጠ።

«ሳይነፋ ይሰርዛል እንዴ!»

«ዳኛ! ፊሽካህን ከቁርስ ጋር በላሃት?»

«ተገዝቷል! ተገዝቷል!»

በሚኒባስ ስንመለስ አባዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ደህና አድርጌ አላጠብኳትም» አለ። የስኳር ድንቹን ነገር አልነገርኩትም። የተበላ ሰዎች ዳግመኛ አልጠሩትም። ከዚያ ወዲህ አባዬ ፊሽካዋን ቅዳሜ ሁለት ሁለት ጊዜ ያጥባት ጀመር፤ እኔም ሁለተኛውን ውሃ ሲቀዳ ባየሁ ቁጥር ከቤት እወጣ ነበር።

ያን ቀን ክፍል ውስጥ ስለ አባባሉ ለመናገር እጄን ያወጣሁት ለዚህ ነው። የአባባሉ መነሻ በእርግጥ አይታወቅም፤ ብዙዎች ግን ከሸምበቆ ወይም ከእንጨት የሚሠራ ፊሽካ ጥርት ብሎ እንዲጮህ ውስጡ ፍጹም መጽዳት ስላለበት ነው ይላሉ። ይህን አብራርቼ፣ መምህራችን ስለ አባባሉ ጻፉ ስላሉን ማታ ቤት ገብቼ ስጽፍ ስኳር ድንቹም አብሮ ወጣ። እንግዲህ አባዬ ዓርብ ከሰው ሁሉ ጋር ሊሰማው ነው።

ትናንት ቅዳሜ፣ ሁለተኛውን ውሃ ሲቀዳ አጠገቡ ቆምኩና ነገርኩት።

«ስኳር ድንች?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለቴ ስታሳጥቢኝ!» አለና ፊሽካዋን ወደ ብርሃን አንስቶ አየ። ከዚያ፣ «በሚኒባሱ ውስጥ ምነው ሳትነግሪኝ?» አለኝ።

«ፈራሁ።»

«እኔ እኮ ራሴን ስወቅስ ነው የኖርኩት።» ውሃውን ደጅ ወስዶ ደፋው። «በይ፣ አንዲት ነገር ሳትዘዪ አንብቢው። ተበላ ላይ የሆነውንም ጨምረሽ።»

ያኔ ውጩን ከጠረጉ የጸዳ ይመስለኝ ነበር፤ ትናንት ግን ሌሊቱን ሙሉ እንዴት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ መሰላችሁ! እናም ያን እሁድ ተበላ ሜዳ ዳር ቆማችሁ «ተገዝቷል» ያላችሁ ካላችሁ፣ ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤታችን ኑ። አባዬ ከፊት ይቀመጣል፤ እሱን ተዉትና እኔን ጠይቁኝ።