ወንዝ ያልወረደው ካባ

ኦታኪ የአባቷን ሞት የምታስታውሰው በአንዲት ጠብታ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቀለም ነካሪው አባቷ ካሄይ ገና ከቀለም ጋን የወጣ ጨርቅ በመሸከሚያ እንጨት አንጠልጥሎ የዮሺኖን ወንዝ በድልድይ ሲሻገር እሷ ከኋላው ትከተላለች። ነፋስ መጣ፤ ከጨርቁ ጫፍ አንዲት ሰማያዊ ጠብታ ተነሥታ በአጠገባቸው በሚያልፍ ወጣት ሳሙራይ እጅጌ ላይ አረፈች። ካሄይ ሸክሙን ጥሎ በግንባሩ ተደፋ። ይቅርታውን ግን አልጨረሰውም። ወጣቱ ሰይፉን ጠርጎ ወደ አፎቱ መለሰና መንገዱን ቀጠለ። በዚያ ዘመን ባለሰይፍ ክብሬ ተነካ ካለ ተራውን ሰው ቢቆርጥም ብዙ የሚጠይቀው አልነበረም። ወጣቱ ሃያ ቀን ከቤቱ እንዳይወጣ ተፈረደበት፤ በቃ።

ስሙ ሃያሚ ገንኖጆ ነበር። ኦታኪ ስሙን እንደ ጸሎት በቃሏ ያዘችው።

አድጋ ማቅለሚያ ቤቱን ተረከበች። አባቱ ሲሞት ገና በአንቀልባ የነበረው ወንድሟ ጂንሱኬም አጠገቧ አደገ። ጋኑ መድረሱን የምታውቀው ጣቷን ነክራ በምላሷ ቀምሳ ነው። ሌሎች ቀለም ነካሪዎች ጨርቁን ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቀው ሲሸጡ፣ እሷ ሰባት ጊዜ ወንዝ ታወርደዋለች፤ ውኃው ጠርቶ ካልወረደ አትመለስም። ስለዚህ «የኦታኪ ሰማያዊ ባለቤቱን አይከዳም» ይባል ነበር። እጆቿ እስከ ክርናቸው ሰማያዊ ናቸው። ልታጭ የመጣች አንዲት አማላጅ እጆቹን አይታ ሻዩን ሳትጠጣ ተመልሳለች። ኦታኪ አልከፋትም። ልቧ የታጨው ለሌላ ነገር ነበር።

ዘመኑ ተገለበጠ። መሳፍንቱ ሄዱ፣ የሳሙራዮቹ ቁንጮ ተቆረጠ። ደም መመለስ የሚከለክለው አዋጅ ሲነበብ ኦታኪ ከሕዝቡ መሃል ቆማ ሰማች። ሰይፍ መታጠቅ የተከለከለው ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። መንግሥት የገዳዮችን ሰይፍ ከመቀማቱ በፊት የሟቾችን ልጆች እጅ አሰረ ስትል አሰበች። ለማንም ግን አልተናገረችም።

አባቷ በሞተ በሃያ አራተኛው ዓመት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓርላማ ሊመረጥ ሲል፣ አንድ ባለጢም ሰው የበሩን መጋረጃ ገልጦ ገባ። ሃያሚ ነበር። ለምርጫ ሊወዳደር ነው፤ የሚናገረው ስለ ሕዝብ መብት ነው። የድሮ ጦረኞች ድል ያመጣል ብለው ይለብሱት የነበረውን፣ ጥቁር ሊሆን የቀረበውን ሰማያዊ ስስ ካባ ፈልጓል። ጂንሱኬ በሚከፍሉት ግብር መምረጥ ከሚፈቀድላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ስለሆነ ሰውየው ከወገቡ ጎንበስ አለለት።

ወደ ኦታኪ ዞሮም፣ «እትዬ፣ ከእርስዎ የሚበልጥ እጅ የለም አሉኝ» አላት።

«ጌታዬ፣ የድሮውን የእንጨት ድልድይ ያስታውሱታል? ቀለም ነካሪው የሞተበትን?»

ሃያሚ አሰበ። አላስመሰለም፤ ከልቡ ፈለገና አጣው። «በዚያ ዘመን ስንቱ ሆነ መሰለዎት። እኔ ቁንጮዬን ስቆርጥ ሁሉንም አብሬ ቆርጬ ጥያለሁ» ብሎ ሳቀ። «አሁንማ ሁላችንም እኩል ነን።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቢክዳት ወይም ቢደነግጥ ኖሮ ምናልባት ሥራውን አልቀበልም ብላ ትሸኘው ነበር። መርሳቱ ግን አባቷን ዳግመኛ ገደለባት። በወሩ መጨረሻ ይደርሳል አለችው።

ጨርቁን ሃያ ጊዜ ነከረችው። እንደዚያ ያለ ቀለም አውጥታ አታውቅም። ከዚያ አደረቀችው፣ ሰፍታም አጣጠፈችው።

ጂንሱኬ ካባውን በአውራ ጣቱ አሸት አደረገና ጣቱን አየ። «እታለም፣ ይሄ ወንዝ አልወረደም።»

«አውቃለሁ።»

«ላብ ሲነካው ይለቃል። ከዚያ በኋላ ማን ጨርቅ ያመጣልናል? እኛ እኮ በስማችን ነው እንጀራ የምንበላው።»

«አንተ አባትህን አላየኸውም» አለችው። «እኔ አይቼዋለሁ። ተደፍቶ።»

ጂንሱኬ መጠቅለያ ጨርቅ አምጥቶ ካባውን በገዛ እጁ ቋጠረው።

ሃያሚ የተናገረው በዝናቡ ወር፣ አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ በሚከብድበት ቀን፣ ሰው በታጨቀበት ቲያትር ቤት ነው። እንደ ሕጉ አንድ ፖሊስ መድረኩ ላይ ተቀምጧል፤ ነገሩ ካላማረው ንግግሩን ያስቆማል። ኦታኪ ከኋላ ተቀመጠች። ሃያሚ ካባውን ለብሶ ስለ እኩልነት ሲናገር ክንዱን ያወናጭፋል፣ አንገቱን ይጠርጋል፣ በዚያው እጁ ፊቱን ይጠርጋል። መጀመሪያ ኮሌታው፣ ቀጥሎ ጉንጩ፣ በመጨረሻም ጢሙ ሰማያዊ ሆነ።

«ሰውየው ተነክሮ ነው እንዴ የመጣው?» አለ አንዱ ከፊት።

«ገና ነው፤ አንዴ ይደገም» አለ ሌላው።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሃያሚ ለምን እንደሚስቁ የገባው መሀረብ አውጥቶ ፊቱን ሲጠርግ ነው። ፖሊሱ ተነሥቶ ሥርዓት ፈርሷል፣ ንግግሩ ቆሟል አለ።

በሩ ላይ ኦታኪ ጠበቀችው። ሃያሚ አሁን «እርስዎ» የሚለውን ረስቶታል። «ምንድነው ያደረግሽኝ?» አላት።

«አንዲት ጠብታ ነበረችብን» አለችው። «የካሄይ ልጅ ነኝ። እጅጌዎ ላይ ያረፈችውን፣ ከነወለዷ መለስኩልዎ።»

የሃያሚ እጅ ወደ ግራ ወገቡ ሄደ። ጣቶቹ መቀነቱን ያዙ፤ ከመቀነቱ ሌላ የሚጨብጡት አልነበረም። ኦታኪ እንደ አባቷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ጠበቀች። ባዶ እጁና ያ የጎነበሰ አንገት ናቸው ያስታወሱት። ቀና ስትል ድልድዩን በዓይኑ ውስጥ አየችው። ሃያ አራት ዓመት የጠበቀችው ይህችን ብቻ ነበር።

በምርጫው ተሸነፈ፤ ድሮም አያሸንፍም ነበር የሚሉ አሉ። የኦታኪም ስም እንደ ቀለሙ ለቀቀ። እስከ መጸው ድረስ አንድም ሰው ጨርቅ አላመጣም። ኒል፣ ያ ሰማያዊው የቅጠል ቀለም፣ በየቀኑ ካልተማሰለ ይሞታል፤ ጋኖቹ አንድ በአንድ ሞቱ። የበሩን መጋረጃ ራሷ አውርዳ ማቅለሚያ ቤቱን ዘጋች። ጂንሱኬ የሐር ትል ማርባት ጀመረ፤ አንድም ቀን አልወቀሳትም።

የእጇ ቀለም በየቀኑ ሳሳ። ከሁሉ የዘገየው ጥፍሯ ነው፤ ሰማያዊው ወደ ጫፍ እየተገፋ፣ እየተቆረጠ፣ በብርዱ ወራት ማለቂያ አለቀ። በዚያ ሰሞን አንዲት ጎረቤት ሃያሚ ስንት ጊዜ ገላውን ቢታጠብም አንገቱ ላይ ያለው ቀለም ብዙ ቀን አልለቅ ብሎት እንደነበር ነገረቻት።

ኦታኪ ለትሎቹ የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋን አላቆመችም።

«ቀለሙማ ጥሩ ነበር» አለች።