የተቆረጠችው ሙሽራ

ሽማግሌው ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልለው፣ እንደ ታመመ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ ኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ገቡ። ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል፤ ጫማቸው ፊት ያሳያል። ወንበሩን በመሐረብ ጠርገው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ባክአፕ የምትሉት ነገር ዲስኬን በልቶ ጨረሰው። እኔ ምንም አልጨመርኩበትም፤ እንዲያውም በየቀኑ እቀንሳለሁ» አሉ፣ እንደ ተበደለ ሰው።

ጠጋኟ ከፈተችው። ውስጡ ያለው አንድ የሠርግ ፊልም ብቻ ነው፤ የራሳቸው ሠርግ፣ ጠጉራቸው ገና ጥቁር ሳለ። ሰውየው በየቀኑ ይከፍቱና ሙሽራዋ ካለችበት ጥቂት ጥቂት እየቆረጡ ያወጣሉ። መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጠው ባክአፕ ደግሞ አደራ አይበላም፤ ፊልሙ በተነካ ቁጥር የተረፈውን በሙሉ እንደ አዲስ ይቀዳል፣ የቀደመውንም አይጥልም። በመጀመሪያው ቅጂ ሙሽራዋ ከነሳቋ ቁጭ ብላለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ በቆረጧት ቁጥር እሱ እያባዛት ነው። ዲስኩን የሞላችው እሷ ናት።»

ሽማግሌው ቀለበት የሌለበትን ጣታቸውን አሻሹ።

«ቤትም እያለች እንዲሁ ነበረች» አሉ። «አንድ ስላት መቶ ነበር የምትመልስልኝ።»

«እንግዲያው የድሮዎቹን ቅጂዎች ላጥፋቸው? ዲስኩ ቀለል ይለዋል።»

ፎጣውን አጠፉት፤ ዘረጉት፤ መልሰው አጠፉት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መደርደሪያው ላኩ።

«ለመሆኑ ከዚህ ሰፋ ያለ ዲስክ አላችሁ?»