ዋቲና ሦስቱ ቼሪዎች

ዋቲ ዱቲ የብስ ላይ መቀመጥ አይችልበትም። ባሕር ላይ እንደ ምሰሶ ጸንቶ የሚቆም ሰው ቤቱ ሲገባ ወንበሩ ይቆረቁረዋል። ሻዩን ይዞ ከመስኮት መስኮት ይመላለሳል፤ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ለማየት በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሚስቱ ኢሶቤል «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ ቤቱ በረዶ ሆነ» ስትለው ይወጣል። የሚወጣውም ወደ ጓሮ ነው፤ ድሮ መረብ ይቀመጥበት ወደነበረው መጋዘን።

አሁን እዚያ መረብ የለም። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት የቁማር ማሽኖች ናቸው፤ እጀታቸው ሲሳብ ቼሪ፣ ሎሚና ፕለም የተሣሉባቸው ሦስት መንኮራኩሮች በመስታወቱ ውስጥ የሚሽከረከሩ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ፍሬ ላይ ሲቆሙ ሳንቲም የሚተፉ። የብረት አንጀት ያላቸው አሮጌዎች ናቸው፤ ዋቲ ከተዘጉ መጠጥ ቤቶችና ከባሕር ዳር መጫወቻ አዳራሾች እየለቀመ ያመጣቸው። አይቆምርባቸውም። ይፈታቸዋል፣ ይጠርጋቸዋል፣ ዘይት ይቀባቸዋል፣ የተሸረፈ ጥርሳቸውን ይሞርዳል። ልቡ ትንሽ የምትረጋለት እጁ ሥራ ሲይዝ ብቻ ነው።

በዚያ ክረምት ግን ማሽኖቹም አላረጋጉትም። ምክንያቱ ዶድ ነበር።

ዶድ ኖብል «ጽኑ ተስፋ» በተባለችው የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ላይ ከዋቲ አባት ዘመን ጀምሮ የሠራ ሰው ነው። ለዋቲ ቋጠሮ ያስተማረው እሱ ነው፤ አባትየው ሲሞትም «ያዝ፣ እንግዲህ ያንተ ናት» ብሎ መሪውን ያስጨበጠው እሱ። በከተማቸው በፍሬዘርበርግ ወደብ ግማሹ ሰው ዱቲ፣ ግማሹ ኖብል ስለሆነ ሰው የሚለየው በቅጽል ስሙ ነው፤ የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ሳይቀር ይጻፍለታል። ዶድ በጎልማሳነቱ በማዕበል መሐል ምሰሶ ላይ ወጥቶ የተጠላለፈ ገመድ ስለፈታ «ድመቱ» ይሉት ነበር።

ኋላ የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። የዓሣ አጥማጆችን ኑሮ በየሳምንቱ የሚያሳይ ዝግጅት ነበራቸው፤ ዋቲን ወደዱት። ሲቆጣ ያምርበታል አሉ። አንድ ቀን መረቡ ዓለት ላይ ተያዘ፤ መረብ የሚስበውን ዊንች የያዘው ዶድ ዘግይቶ አቆመውና መረቡ ተተረተረ። ዋቲ ከመሪው ክፍል ዘሎ ወጣ።

«እጅህ ከሞተ ቆይቷል፣ አንተ ሽማግሌ! ቀባሪ ነው ያጣኸው!»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። መርከብ ላይ የተባለ ነገር ከዓሣው አንጀት ጋር ተጠርጎ ባሕር ይገባል፤ ሻይ ሲፈላ የሚያስታውሰው የለም። ዶድም ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ የተቀደደውን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ካሜራው ግን ወደ ሌላ ወገን ዞሮ ኖሯል። አዘጋጇ ሮዌና፣ ለሰው ሁሉ የምትጨነቅ ወጣት፣ ጠጋ ብላ «ካፒቴን፣ አልተያዘም። አንዴ ብቻ ይድገሙልን?» አለችው።

ደገመው። ንዴቱ በርዶ ስለነበር ቃሉን አሳምሮ፣ ጣቱን ወደ ዶድ እጅ ቀስሮ ደገመው። ዶድ ቆሞ ሰማው። ወደብ ሲደርሱ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ወረደ፤ አልተመለሰም። ዝግጅቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የወደቡ ሰው «ድመቱ» ማለቱን ተወና «ቀባሪ ያጣው» ይለው ጀመር።

«ሂድና አናግረው» ትለዋለች ኢሶቤል።

«ምን ብዬ? ከዚያ የባሰ ስንቴ ሰድቤው የለም እንዴ?»

«እኮ! ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልሄደም?»

ዋቲ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። ያለ ዶድ ሁለት ጊዜ ባሕር ወጥቶ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ የመርከቧ ወለል ላይ የማያውቃቸው ሰዎች የቆሙበት መሰለው።

አንድ ቅዳሜ ሮዌና ከካሜራ ባለሙያው ጋር የሚቀጥለውን ዓመት ውል ይዛ መጣች። እግረ መንገዷንም ካፒቴኑን ከማሽኖቹ ጋር ልትቀርጽ ፈለገች።

«ይሳቡና ሲያሸንፉ እንይ» አለችው።

«ማሽን እኮ ነች። ደስ ሲላት ነው የምትሰጠው።»

«ማስተካከል አይቻልም?»

ይቻላል። ዋቲ ከኋላ እጁን አስገብቶ መንኮራኩሮቹን ቆለፈና እጀታውን ሳበ። ሦስት ቼሪ። ሳንቲሙ ሲንኮሻኮሽ ጣቱን ወደ መስታወቱ ቀስሮ «ኧረ ሰጠች!» ብሎ ሳቀ።

«ግሩም! ግን መብራቱ አንጸባረቀ። ይድገሙልን፣ ያቺን ሳቅ እንዳለች።»

ሳንቲሙን መለሰ፣ ቆለፈ፣ ሳበ። «ኧረ ሰጠች!» ሳቁ ቁርጥ የመጀመሪያውን መስሎ ወጣ፤ እንዲያውም አማረ። ጣቱ አሁንም ወደ ቼሪዎቹ ተቀስሮ ነበር። ዋቲ ጣቱን አየው። ሳንቲሙ ወለሉ ላይ ሲንከባለል አላነሳውም።

«ሮዌና፣ ያን ቀን ስደግመው የዶድን ፊት አይተሽ ነበር?»

ልጅቷ ደነገጠች። «ካሜራው እርስዎ ላይ ነበር፣ ካፒቴን።»

«እኔም አላየሁትም። በይ፣ ውሉን መልሺው። ሲቆጣ የሚያምርበት ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«ሰው እኮ ይወድዎታል!»

«ይውደድ። ሻይ ሳትጠጡ እንዳትሄዱ፤ ኢሶቤል ዳቦ አውጥታለች።»

እሱ ግን ሻዩን አልጠበቀም። ካፖርቱን እየለበሰ ዳገቱን ወጣ። ዶድ ከቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ነፋስ በማይደርስበት፣ የልጅ ልጁን መረብ ይጠግን ነበር።

«የቴሌቪዥኑ ሰውዬ» አለ ቀና ሳይል። «ካሜራህን የት ጣልከው?»

«ተውኩት።»

«አባረሩህ?»

«ተውኩት አልኩህ እኮ!»

«ያን የሰይጣን የቁማር ሣጥንህንስ?»

«እሱንማ አልተውም።»

የዶድ ጢም ተነቃነቀ፤ ሳቁን ግን ዋጠው። ዋቲ ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው ይላል።

«ወይ ተቀመጥ ወይ ሂድ፤ ብርሃኔን ጋረድከኝ።»

ተቀመጠ። «የመጀመሪያው ስድብ አይደለም ያስቀየመህ» አለ።

መርፌው ቆመ። «የመጀመሪያውንማ አባትህም ብሎኛል፤ ያውም እናቴን ጨምሮ። ሁለተኛውን ግን ምንም ሳላደርግህ ነው ያልከው። ለሰው ማሳያ።»

«በድያለሁ፣ ዶድ። ይቅር በለኝ።»

ዶድ ክሩን በጣቶቹ መሐል አሸው። ከታች ወደቡ ውስጥ ገመድ ሲንቋቋ ይሰማል። ዋቲ ዝምታ አይችልም፤ ሊደግመው አፉን ከፈተ።

«እንዳትደግመው!» አለ ዶድ መርፌውን ቀስሮ። «አንዴ ሰምቻለሁ።»

እንደገና መጠገን ጀመረ። «ሰኞ ነው የምትወጣው?»

«ሰኞ።»

«የዊንቹ ፍሬን ተሠራ?»

«አልተሠራም።»

«ያን ቀንስ መረቡን የቀደደው ምን መሰለህ? ይይዛል ያልከው ፍሬን ነው።»

ዋቲ ራሱን በእጁ ያዘ። «ስምህንስ? ያን ስም እንዴት አድርጌ ልመልሰው?»

«እሱ አይመለስም። ከእኔ ጋር ይቀበራል፤ ቀባሪ ካገኘሁ።» ጉልበቱን ተደግፎ ተነሣና መርፌውን ከነመረቡ ጭኑ ላይ ጣለለት። «ቦት ጫማዬን እስካወጣ ይቺን ቀዳዳ ጨርስ። ፍሬኑን ዛሬ እናየዋለን።»

ዋቲ መርፌውን ያዘ። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ለማየት አንገቱን አሰገገ፤ ግን አልተነሣም።