ግራ የገባት ሞተር

አዋላጇ ሞተር ሳይክሏን የገዛችው ጡረታ ከወጣ ፖስተኛ ላይ ነው። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ስልሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ሞተሯ ባለ አንድ ሲሊንደር አሮጌ ናት፤ የቤንዚን ታንኩ ጥቁር ቀለም ጉልበት ሲፈትገው ኖሮ ሳስቷል። እንደ ዘመኑ ሞተሮች አትጮህም፤ ዱብ ዱብ እያለች ቀስ ብላ ትመጣለች። ምጥ የያዛት ሴት ያንን ድምፅ ከሁለት መንገድ ማዶ ስትሰማ ትንፋሿ መለስ ይላል። ሰፈርተኛውም አዋላጇን «ዱብዱብ» ብሎ ሰይሟታል፤ ወዳዋለች እንጂ ተቀይማ አታውቅም።

ባለፈው ዓመት ግን ሞተሯ አመል አወጣች። ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ድርግም። አዋላጇ ማስነሻውን አንዴ ስትረግጠው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ዱብ ዱብ። በማግስቱ ፋርማሲው ጥግ ላይ ደግሞ ድርግም።

የልጇ ባል መካኒክ ነው። እጁ ወርቅ ነው ይባልለታል፤ በዚህ ዓለም የሚፈራው ሰው ቢኖር አማቱን ብቻ ነው። ካንዴላውን ቀየረ። ካርቡራተሩን ፈታትቶ በቤንዚን አጠበ። የነዳጅ ማጣሪያውን አውጥቶ ነፋ። በሠራ ቁጥር ሰፈሩን አንድ ዙር ዞሮባት ይመጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እማዬ፣ ምንም የለባትም፤ እንደ ሰዓት ነው የምትሄደው» ይላል። ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ድርግም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ ነገሩ።

አዋላጇ አልተናደደችም። ዕድሜዋን ሙሉ ምጥ በሰዓት ስትቆጥር የኖረች ሴት ናት፤ መጠበቅ ታውቅበታለች። እንደ ነፍሰ ጡር ደብተር አወጣችላት። የት ጠፋች፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ሞቃ ነበር ወይስ ገና ቀዝቃዛ ሳለች፣ ቤንዚኗ ሙሉ ነበር ወይስ ጎደሎ፤ ሁሉንም ጻፈች። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ደብተሩን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ መንገዶቹን አንድ በአንድ በጣቷ ስትከተል ቆየችና ሳቋ አመለጣት። ሞተሯ የጠፋችው ሁልጊዜ ወደ ግራ ስትታጠፍ ነው። ወደ ቀኝ ታጥፋ የጠፋችበት አንድም ቀን የለም።

ከዚያ ወዲያ ወደ ግራ መታጠፍ እርም አለች። ወደ ግራ የሚያስኬድ ጉዳይ ሲገጥማት መስቀለኛውን ቀጥ ብላ ታልፍና ሦስቴ ወደ ቀኝ ዞራ፣ እዚያው መስቀለኛ ላይ በሌላ በኩል ብቅ ትላለች። ጥግ ላይ ያሉት ሽማግሌ ባለ ሱቅ አንድ ቀን አላስችል አላቸው።

«አንቺ ዱብዱብ፣ ዛሬ ይሄው ሁለቴ ሰላም አልሽኝ። ደህና ነሽ?»

«እኔስ ደህና ነኝ ጋሼ፤ ሞተሯ ናት ግራ የገባት።»

ጋራዥ ሄዳ ለአማቿ ስትነግረው፣ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። «እማዬ፣ ሞተር ቀኝና ግራ አያውቅም። የሚያውቀው ቤንዚን፣ አየርና እሳት ነው።»

«አንተ ስትሞክራት በየት በኩል ነው የምትዞረው?»

አሰበ። ከጋራዡ በር ወደ ቀኝ፣ በወፍጮ ቤቱ ወደ ቀኝ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ወደ ቀኝ፣ አሁንም ወደ ቀኝና በሩ።

«በል ንዳ፤ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንደሚባለው...»

«ምጡን ለእኔ ተወው። አንተ ከበሩ ስትወጣ ወደ ግራ ታጠፍ።»

ታጠፈ። ድርግም። አስነስቶ መሪውን ሳያቃና ሊቀጥል ሲል ደግሞ ድርግም። እየገፉ መለሷት።

ግቢው ውስጥ በማቆሚያዋ አቁሞ አስነሳትና መሪውን ብቻ አዞረ። ወደ ቀኝ፣ ዱብ ዱብ። ወደ ግራ፣ ጸጥ። የቤንዚን ታንኩን ፈትቶ አነሳ። ከመሪው ላይ፣ ሞተሩን ከሚያጠፋው ቁልፍ የሚወርድ ቀጭን ሽቦ አለ። ሽቦው መሪው በሚዞርበት አንገት ላይ ሲፈተግ ኖሮ ልባሱ ተልጧል፤ የስንዴ ቅንጣት የምታክል መዳብ አፍጥጣለች። መሪው ወደ ግራ ሲዞር መዳቧ የሞተሯን ብረት ትነካለች፤ ያኔ ካንዴላው እሳቱን ያጣል። ልክ ቁልፉን እንደመጫን ማለት ነው።

መካኒኩ መሬት ላይ እንደተቀመጠ መሳቅ ጀመረ። «በጣትዎ መርተው አሳዩኝ እኮ፣ እማዬ። እኔ ካንዴላ እቀይራለሁ።» እሷም አጠገቡ ቁጢጥ ብላ አብራው ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ።

አዲስ ሽቦ ዘረጋ፤ የጎማ ቱቦ አልብሶ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለለና ከአንገቱ ራቅ አድርጎ አሰረው። አዋላጇ ተቀምጣ ግቢውን ወደ ግራ ብቻ ትዞረው ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ልጇ ድምፁን ሰምታ ከጋራዡ ቢሮ ወጣች።

«እማዬ፣ ኧረ ራስሽን ያዞርሻል።»

«ያዙረኝ፤ ናፍቆኝ ነው» አለቻትና ደገመች።

መካኒኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ የደንበኛ ሞተር የሚሞክረው ስምንት ቁጥር እየሠራ ነው። ምክንያቱን ለጠየቀው ሁሉ ሳያፍር ይናገራል፤ እንዲያውም በየጊዜው እያሳመረው ነው።

አዋላጇ በማግስቱ ረፋድ ላይ ተጠራች። ቤቱ ከእሷ በር በስተግራ ነው። ደርሳ እጇን ተረጋግታ ለመታጠብ፣ የእናትየዋን ወገብ ለማሸት ጊዜ ተረፋት፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ለቅሶዋ የማያባራ፣ ጸጉረ ብዙ ሴት ልጅ ተወለደች።

«እንዴት ቶሎ ደረስሽ?» አላት አባትየው፣ ሕፃኗን ለመያዝ እጁን እየዘረጋ።

«መንገዱ አጥሮልኝ ነው» አለችና ልጅቷን ደረቱ ላይ አስተኛችለት።