የእህቴ ፖይንት

በካርድ የሚቀና ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፣ እኔ ራሴ እስክቀና ድረስ። በመኪና የሚቀና አውቃለሁ፤ በቤት የሚቀና አውቃለሁ፤ በሰው ባል የሚቀናም ሞልቷል። እኔ ግን በታናሽ እህቴ ቦርሳ ውስጥ ባለች አንዲት ጥቁር ካርድ እርር ትክን ስል ነው የከረምኩት። ካርዷ የአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ክሬዲት ካርድ ናት። በእሷ በተገዛ ቁጥር ፖይንት ይጠራቀማል፤ ፖይንቱ ሲበቃ ካሸሯ ፊት ቆሞ «በፖይንቴ ይሁንልኝ» ማለት ብቻ ነው፣ አስቤዛው በነጻ ይወጣል። ቶሮንቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ካርድ የሌለው ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ታዲያ ምኑ ያስቀናል ትሉ ይሆናል። እህቴን ስለማታውቋት ነው።

እህቴ ወደዚህ አገር የመጣችው እኔ ስንትና ስንት ክረምት ካሳለፍኩ በኋላ ነው። በትምህርቷና በሙያዋ አመልክታ፣ ወረቀቷን ጨርሳ፣ ዘንጣ መጣች። ከአውሮፕላን ወርዳ በቀጥታ ቢሮ ገባች ብል ብዙም አልዋሸሁም። ኤግሊንተን ዌስት አጠገብ አፓርታማ ተከራየች፤ መኪና ገዛች፤ ባንኩ የጠየቀችውን ሁሉ እሺ ይላታል። እኔ የምኖረው በመንግሥት ኪራይ ቤቶቹ በሚታወቀው ሪጀንት ፓርክ ነው፤ የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ነው። እናታችንን ስፖንሰር አድርጌ ያመጣኋት ግን እኔ ነኝ። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ የመናገር ልማድ አለብኝ።

እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። እንደመጣች ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኳት፤ ሐኪሟ ሚዛን ላይ አቆመቻትና ፊቷን ቅጭም አደረገች። ዓሣ፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬ በደንብ መብላት አለባት፤ እንዲህ እየከሳች ከሄደች ጥሩ አይደለም አለችኝ። ያን ዕለት ከሐኪም ቤት በቀጥታ ሱፐርማርኬት ሄጄ ፍሪጁን ሞላሁት። እናቴ ፍሪጁን ከፍታ እያንዳንዱን ዕቃ እያወጣች ዋጋውን ትጠይቀኝ ጀመር። እኔም እነግራታለሁ። ወደ ብር ስትመነዝረው ዓይኗ ይፈጣል። «ይሄ ሁሉ ለእኔ? ኧረ ምን በወጣሽ!» ትላለች።

ከዚያ በኋላ ምግቡ አይወርድላትም። ዓሣውን ጠብሼ ሳቀርብላት ጫፉን ቆርሳ «ጠገብኩ» ትላለች፤ የቀረውን ከድና ከሥራ ስመለስ ለእኔ ታቆየኛለች። ቀኑን ሙሉ የሰው እናት በማንኪያ ሳበላ እውልና እቤቴ ስገባ የገዛ እናቴ ያልበላችው ዓሣ ይጠብቀኛል። ማዘን ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን መናደዱ ይበልጥብኝ ነበር። እንደ ድሃ ነው የምታየኝ፣ ልጄ አንድ ዓሣ መግዛት አትችልም ብላ ነው እያልኩ ድስቱን በኃይል አጥባለሁ።

የባሰው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ እህቴ በሁለት እጇ ፌስታል አንጠልጥላ ትመጣለች። ፓፓያ አለ፣ ሳልመን አለ፣ እንቁላል አለ። ጫማዋን ሳታወልቅ ከበሩ ጀምራ «እማዬ፣ አንድም ነገር አልከፈልኩበትም፣ በፖይንት ነው!» ትላለች።

«በነጻ?» ትላለች እናቴ።

«በነጻ!»

በቃ፣ እናቴ እጇን ታጥባ ትቀመጣለች። ያቺ ጫፍ ቆርሳ ጠገብኩ የምትል ሴትዮ ፓፓያውን በማንኪያ እየዛቀች ድምጥማጡን ታጠፋዋለች። እኔ እዚያው ቆሜ አያለሁ። ያ ፓፓያ እኔ ከገዛሁት ፓፓያ በምንም አይለይም፤ እንዲያውም የእኔው የበለጠ የበሰለ ነው።

እናቴ ሳትጸልይ እህል አትቀምስም። ታዲያ በእህቴ ፌስታል ላይ ስትጸልይ ለሱቁ ባለቤት የተለየ ልመና አላት። «ጌታ ሆይ፣ ለልጄ እንዲህ የሚሰጣትን ያንን ሰው ባርከው፣ ቤቱን ሙላለት» ትላለች። ቤቱስ ሞልቶ ፈሷል ማለት እያማረኝ «አሜን» እላለሁ። የፖይንቱ ሰውዬ ነው የምትለው። በእሷ ሐሳብ ሰውዬው እህቴን በደንብ ያውቃታል፤ ጨዋነቷን አይቶ፣ ወዷት ነው የሚሰጣት። እንግዲህ እኔን አይቶ ምን እንዳለ መገመት ነው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከአምልኮ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ይህንኑ ለሴቶቹ ታወራላቸዋለች። «ትንሿን ልጄንማ ሱቁ ራሱ ነው የሚቀልባት!» ትላለች። «ትልቋስ?» ይሏታል። «ትልቋ ትሠራለች፣ ጎበዝ ናት» ትላቸዋለች። ሴቶቹ ወደ እኔ ዞረው በአዘኔታ ፈገግ ይላሉ። ጎበዝ መባል እንደዚያ አስጠልቶኝ አያውቅም።

እኔም ካርዱን ማውጣት አለብኝ አልኩ። ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ካርዱን የምታስተዋውቅ ሴት ነበረች፤ ለሚያመለክት ሁሉ የጨርቅ ከረጢት ትሰጣለች። ሦስታችንም አብረን ነበርን። እህቴ «አፕላይ አድርጊ እንጂ፣ ወዲያው ነው አፕሩቭ የሚያደርጉሽ» አለችኝ። ለእሷ ወዲያው ነበር፣ እውነቷን ነው። ሴትየዋ የምትጠይቀኝን እየመለስኩ፣ እሷም ታብሌቷ ላይ እየጻፈች ጨረስን። ከዚያ ትንሽ ጠበቅን። የሴትየዋ ፈገግታ ቀስ እያለ ቀነሰ፤ ለጊዜው አልተፈቀደም አለችኝ። እንደመጣሁ ሰሞን ከአንድ የስልክ ድርጅት ጋር ተጨቃጭቄ ትቼው የሄድኩት ውል ለካ እስካሁን ክሬዲቴን አበላሽቶት ኖሯል።

«ምን አለቻት?» አለች እናቴ።

«አሁን አልሆነም እማዬ፣ ሌላ ጊዜ ትሞክራለች» አለች እህቴ።

«ከለከሏት?» አለች እናቴ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ደግነቱ እዚያ አማርኛ የሚሰማ አልነበረም። ሴትየዋ አሳዝኛት ከረጢቱን ሰጠችኝ። እናቴ እኔን ለማጽናናት «ለእሷም ከረጢት ሰጧት» አለች። እህቴ ሳቋን ስትውጥ አየኋትና ከረጢቱን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ቀድሜያቸው ወጣሁ።

በእጄ የቀረው ክሬዲት የሌለው፣ ለማንም የሚሰጠው ተራ የፖይንት ካርድ ነው። እሱም ያጠራቅማል፣ ግን እንደ ክረምት ፀሐይ ነው፣ አለ ከማለት በቀር የሚሞቅ ነገር የለውም። ስልኬ ላይ አፑን ጫንኩ። አፑ ደግሞ በየሳምንቱ የድመት ምግብ ብትገዢ ብዙ ፖይንት እንሰጥሻለን ይለኛል። ድመት የለኝም። አንድ ሳምንት ድመቱን ትቼ ምግቡን ልግዛ እንዴ ብዬ መደርደሪያው ፊት ቆሜ አስቤያለሁ። በዚያን ጊዜ እናቴ እህቴ ዘንድ ጥቂት ቀን ሰንብታ ጉንጯ ሞልቶ ተመልሳ ነበር። ሐኪሟም ሚዛኑን አይታ «ጎበዝ፣ ምን አብልተሻት ነው?» አለችኝ። ለሐኪሟ ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም፤ ጥርሴን ነክሼ እንደሳቅኩ ግን አስታውሳለሁ።

ገና ሲቃረብ አንድ ቅዳሜ ሦስታችን አስቤዛ ልንገዛ ወጣን። ያን ቀን በልቤ ቆርጬ ነበር፤ ዛሬ እናቴ እያየች እኔ ነኝ የምከፍለው ብዬ። ካሸሯ ጋ ስንደርስ የባንክ ካርዴን አውጥቼ ጠበቅኩ።

«ኧረ በሞቴ፣ እኔ እያለሁ?» አለች እህቴ።

«በሞቴ ብያለሁ፣ ዛሬ የእኔ ነው!»

እሷ በክርኗ ትገፋኛለች፤ እኔ ካርድ የሚነካበትን ማሽን በመዳፌ ሸፍኛለሁ። እሷ እጄን ትጎትታለች፤ እኔ እገፋታለሁ። ካሸሯ ሁለት እጇን አንስታ ወደ ኋላ አለች። ከበስተኋላችን የተሰለፈ ሰውዬ የተጣላን መስሎት ጋሪውን ገፍቶ ሌላ ሰልፍ ያዘ። ለእኛ ግን ምንም አዲስ ነገር አልነበረም፤ አባታችንም ከወንድሞቹ ጋር ምግብ ቤት በገባ ቁጥር ሒሳብ ሲመጣ ልብስ እስኪቀደድ ነበር የሚጓተቱት። እንዲህ እየታገልን ሳለ እናቴ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

«ተያት እንጂ ልጄ» አለችኝ። «የእሷ እኮ ነጻ ነው። አንቺ ለምን ታወጫለሽ?»

እጄን ከማሽኑ ላይ አነሳሁ። በክርን የሚገፋ ሰው አያሸንፈኝም፤ ይቺ ቃል ግን አሸነፈችኝ። ካሸሯ እህቴን በፖይንት ትከፍል እንደሆነ ጠየቀቻት። እህቴ ዝቅ ብላ፣ በሹክሹክታ፣ በእንግሊዝኛ፣ «አይ፣ ፖይንት የለኝም፤ ክሬዲቱ ላይ ይሁን» አለቻት። ቀና ስትል ደግሞ በሙሉ ድምፅ በአማርኛ «እማዬ፣ በፖይንት ወጣ!» አለች። እንግሊዝኛ የማትሰማው እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

እናቴን መኪናው ውስጥ የፊት ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ቀበቶዋን አስረንላት፣ ዕቃውን ከኋላ ስንጭን ሳልጠይቃት ማለፍ አልቻልኩም።

«ፖይንት የለኝም ስትዪ ሰምቼሻለሁ» አልኳት።

እህቴ የእንቁላሉን ካርቶን በቀስታ አስቀመጠች። «ካለቀ ቆየ» አለች። «መጀመሪያ እውነት ነበር። ካርዱን ሳወጣ የፖይንት ቦነስ ሰጥተውኝ ነበር፤ እሱን ሪዲም አድርጌ ለእማዬ ፓፓያ ገዛሁላት። በነጻ ነው ስላት በላች። እንዴት እንደበላች አይተሻት የለ? ቶሎ አለቀ። ታዲያ ምን ልበላት? ከፍዬ ነው ካልኳት አትነካውም።»

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ ብዬ ነበር እኮ። ፖይንት ባልኩ ቁጥር ግን ፊትሽ ይጠቁራል። የምኩራራብሽ ይመስልሻል።»

«ትኮሪያለሻ!»

«ትንሽ» አለችና ሳቀች። ከዚያ የመኪናውን ኋላ ዘጋችው።

ያን ጊዜ ቅናቴ ለቀቀኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ጭራሽ ባሰብኝ። ካርዱን፣ መኪናውን፣ ቢሮውን ሁሉ ልተውላት እችላለሁ፤ ዕድሏ ነው እላለሁ። ይህ ውሸት ግን ዕድል አይደለም። ይህን ውሸት ማንም ሊያስበው ይችል ነበር፤ እኔ ነበርኩ ማሰብ የነበረብኝ። አብሬያት የምኖረው እኔ፣ ዋጋ በጠየቀችኝ ቁጥር እውነቱን ተናግሬ ጉርሻውን ከአፏ የማስጥላት እኔ። እናቴ እንደ ድሃ አይደለም ያየችኝ፤ ድካሜን ነው መብላት ያቃታት። እህቴ ይህ በአንድ ፓፓያ ገባት። ሪጀንት ፓርክ እስክንደርስ በመስኮት እያየሁ የነገርኳትን ዋጋ ሁሉ በልቤ ስቆጥር ሄድኩ።

በሳምንቱ የዕረፍት ቀኔ ላይ ጠዋት ወጥቼ ዓሣ ገዛሁ። ዋጋው የተለጠፈበትን ወረቀት እዚያው ሱቁ በር ላይ ልጬ ጣልኩት። በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ጠብሼ ምሳ ሰዓት ላይ እናቴ ፊት አስቀመጥኩላት። ለገዛ እናት ለመዋሸት ይህን ያህል ይፈራል እንዴ?

«በስንት ገዛሽው?» አለች እንደ ልማዷ።

«ምንም አልከፈልኩበትም እማዬ። በፖይንት ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ? አንቺን ከልክለውሽ የለም እንዴ?»

አሁን ፈቅደውልኛል፣ አዲስ ካርድ ሰጥተውኛል ልላት ነበር፤ አዘጋጅቼው ነበር። አፌን ስከፍት ግን የእናቴ ፊት በአንድ ጊዜ በራ።

«እህትሽ ናት!» አለች። «ከራሷ ላይ አካፈለችሽ፣ አይደል? እኔ እኮ አውቃታለሁ፣ እሷ ብቻዋን አትበላም!»

አይደለም ማለት ይቻል ነበር። ይህንንስ እኔ ነኝ የገዛሁት፣ በእኔ ጉልበት ነው፣ በእኔ እጅ ነው የተጠበሰው ማለት ይቻል ነበር። እናቴ ግን ይህን እያለች ሳህኑን ወደ ራሷ እየሳበች ነበር። ከመጣች ጀምሮ በእኔ ቤት ሳህን ወደ ራሷ ስትስብ አይቼ አላውቅም።

«አዎ» አልኳት። «ከእሷ ነው።»

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። ትንሿን ልጇን ጌታ እንዲባርካት፣ እጇን እንዲያሰፋላት፣ በሄደችበት ሁሉ ሞገስ እንዲሰጣት ለመነች። ጸሎቱ ረዘመ፤ የእኔ ስም አልተጠራም። «አሜን» አልኩ። ከዚያ ዓሣውን ያዘችው፤ አጥንቱን እየለየች፣ ጣቷን እየላሰች፣ ጫፉንም መሐሉንም በላችው። ሳህኗ ባዶ ሲሆን መጥበሻው ላይ ወደቀረው ቁራጭ አየች።

«ያስ? እሱም የእህትሽ ነው?»

«የእሷ ነው፣ ብዪ» አልኳትና ጨመርኩላት።