ትሪው ላይ የቀረው
ቻይና፣ ጓንግዙ ነኝ። ባልደረባዬ ምሳ ጋብዞኝ ዓሣውን በቾፕስቲክ እያነሳ ሳህኔን ይሞላዋል። እንደ ልማዴ ጥቂት አስቀራለሁ፤ ጠገበች ብሎ ደስ ይለዋል። እኔን ግን ያ ትራፊ ኮልፌ ይወስደኛል።

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመት የአባቴ አጎት ከወሎ ድርቅ ሸሽተው ቤታችን መጡ። ጉንጫቸው ጎድጉዷል። እኛ ልጆች እንደ ወጉ ትልልቆቹ በልተው ትራፊው እስኪደርሰን ግድግዳውን ተደግፈን ቆመናል። ሽሮው ይሸታል። እንግዳው ሁለቴ ጎረሱና እኛን ሲያዩ ትሪውን ገፋ አደረጉት።

«ኧረ ይብሉ፣ በሞቴ!» አለች እናቴ።

«ጠግቤያለሁ። ለልጆቹ ይሁን።»

ተሻምተን በላነው። እሳቸው ጣታቸውን ይልሱ ነበር።

የጓንግዙዋ አስተናጋጅ ሳህኔን አንስታ ትራፊውን ባልዲ ውስጥ ገለበጠችው። ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ማንም አልቆመም።