ከብረት የወጣው ሰው

አንዲት እናት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ተራ ስትጠብቅ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጫማውን መስታወት አስመስሎ ወልውሎ ነበር። በር በኃይል በተዘጋ ቁጥር ግን ያ ሁሉ ኩራት ይከዳውና ወንበሩን በሁለት እጁ ጭምቅ ያደርጋል። ሴትዮዋ ልጇ ሰሞኑን ዘምቶባታል፤ ያየችውን ሁሉ ወደ እሱ ትወስደዋለች።

ቴሌቪዥኑ ጦሩ በተጨማሪ ሊገዛ ስላሰበው ብረት ለበስ መኪና ውድነት ሲያከራክር፣ «ወንድሜ፣ ወታደር ነበርክ?» አለችው።

ደህናውን ጆሮ አዞረላት። «የዚያ ነገር ሾፌር ነበርኩ።»

«ልጄን እሱ ላይ መድበውታል። እውነት ያን ያህል ዋጋ ያወጣል?»

ሰውዬው በረጅሙ ተነፈሰ። «ፈንጂ ላይ ወጥተን ሁላችንም ተርፈናል። ግን እህቴ፣ ብረቱ ባይኖር በዚያ መንገድ ማን ይልከን ነበር? ‹እናንተማ ምን ትሆናላችሁ› ብለው ነው ያስቀደሙን።»

«ታዲያ ባይኖር ይሻል ነበር?»

ይሄኔ ስልኩ ነዘረ። «መጣሁ የኔ እመቤት፣ ምሳሽን ብዪ» ብሎ ዘጋና ዓይኑን ጨፈነ። «ይቺ ልጄ ከዚያ ፍንዳታ ወዲህ የተወለደች ናት» አላት፣ ድክም ባለ ድምፅ።

ነርሷ ተራው መድረሱን ስትነግረው ተነሳ። በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ግን ተመለሰ። «ሲፈነዳ ሰው ተወርውሮ ከጣሪያው ጋር ነው የሚላተመው። ሙቀቱ ቢያንገበግበውም የወንበሩን ቀበቶ እንዳይፈታ ንገሪው።»

ሴትዮዋ ወዲያው ለልጇ ደወለች። አይነሳም። ደግማ ደወለች።